ግልጽ ደብዳቤ፦ የአየር ጠመንጃ ፈቃድ በዓይን ግምት ሳይሆን በልኬት ይሰጥ

ለሰሜን ሸዋ ዞን ሰላምና ጸጥታ መምሪያ
ለሰሜን ሸዋ ዞን ፖሊስ መምሪያ
ለየወረዳው ሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤቶች
ለዞናችን ነዋሪዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የአየር ጠመንጃ ባለቤትነት ፈቃድን ይመለከታል

የአየር ጠመንጃ ፈቃድ ይጠየቅበት ወይስ አይጠየቅበት በሚለው ክርክር ሁለት ወገን ይሰማል። አንዱ «መጫወቻ ነው፤ ለመጫወቻ ምን ፈቃድ ያስፈልጋል?» ይላል። ሌላው «ቃታ ያለው ሁሉ ጠመንጃ ነው፤ እንደ ክላሽ ይታይ» ይላል። እኛ በጠመንጃ ጥገና፣ በዒላማ ተኩስ ሥልጠናና በድንገተኛ ሕክምና ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን። ሁለቱም መልሶች መሬት ሲነኩ እንደማይሠሩ ስለምናውቅ ይህን ደብዳቤ ጽፈናል። አቋማችን ግልጽ ነው፦ ፈቃድ ይኑር። ፈቃዱ ግን ዕቃው በሚጠራበት ስም ወይም በመልኩ ሳይሆን ከአፈሙዙ በሚወጣው ጉልበት ልክ ይሰጥ። ልኬቱን ደግሞ ማንኛውም ወረዳ በራሱ አቅም ሊሠራው ይችላል።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የፌዴራል አዋጅ እንደሆነ፣ ዞን ደግሞ ሕግ እንደማያወጣ እናውቃለን። ስለዚህ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ከዚህ በታች የምናቀርበው መመዘኛ በክልሉ በኩል ወደሚመለከተው የፌዴራል አካል ይተላለፍ። እስከዚያው ደግሞ አንዱ ቀበሌ እንደ አሻንጉሊት፣ ጎረቤቱ ቀበሌ እንደ ጦር መሣሪያ እንዳያየው፣ በዞኑ ሁሉ አንድ ዓይነት የመለኪያና የመዝገብ ሥራ ይጀመር።

ከስሙ እንጀምር፤ የመጀመሪያው ስህተት ያለው እዚያ ነውና። በየከተማው «ፍሎቨር» ወይም «ፍሎበር» የምንለው ስም የመጣው ከፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ከሉዊ ኒኮላ ፍሎቤር ነው። ፍሎቤር እ.ኤ.አ. በ1845 የሠራው ግን የአየር ጠመንጃ አይደለም። ኋላው ላይ ተቀጣጣይ ነገር ያለበት ትንሽ ቀለህ የሚተኩስ፣ በእሳት የሚሠራ መሣሪያ ነው። እኛ አገር ስሙ ለሁለቱም ተሰጠ። «ፍሎቨር አለኝ» ብሎ ለመመዝገብ የሚመጣ ሰው በእጁ የያዘው ከሁለቱ አንዱ ሊሆን ይችላል። መለየቱ ቀላል ነው፦ የጥይቱ መግቢያ ይከፈትና ይታይ። ቀለህ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታና ቀለሁን የሚመታ መርፌ ካለ በእሳት የሚሠራ ነው፤ በቀጥታ በአዋጁ ይታይ፣ ይህ ደብዳቤ አይመለከተውም። መርፌ ከሌለውና በጥይቷ ኋላ የአየር ቀዳዳ ብቻ ካለ የአየር ጠመንጃ ነው። መዝጋቢው ይህን ሳያይ ቅጽ መሙላት አይጀምር።

«መጫወቻ ነው» ለሚለው ወገን መልሱ በቁጥር ነው። የጥይት ጉልበት በጁል የሚሰላው ክብደቱን በኪሎ ግራም ወስዶ፣ በፍጥነቱ ሁለት ጊዜ አባዝቶ፣ ለሁለት በማካፈል ነው። የተለመደችው 4.5 ሚሊ ሜትር የእርሳስ ጥይት ግማሽ ግራም ገደማ ትመዝናለች። በሰከንድ 170 ሜትር ብትወጣ ጉልበቷ 7 ጁል ገደማ ነው፤ 240 ሜትር ብትወጣ 14 ጁል ይደርሳል። ፍጥነቱ በግማሽ እንኳ ሳይጨምር ጉልበቱ እጥፍ ሆነ፤ መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ጠመንጃዎችን በዓይን መለየት የማይቻለውም ለዚህ ነው። ባለ 5.5 ሚሊ ሜትሯ ጥይት 0.9 ግራም ገደማ ስትሆን በ180 ሜትር ፍጥነት ከ14 ጁል በላይ ትይዛለች። የክላሽ ጥይት 2,000 ጁል ገደማ ስለሆነ «ይህማ ምን አላት» ይባላል። ሰውነት ግን ከክላሽ ጋር አያነጻጽርም። ባለ 4.5 ሚሊ ሜትሯ በሰከንድ 100 ሜትር ገደማ ስትደርስ ቆዳ ትበሳለች፤ ባለ 5.5ቷ 75 ሜትር ገደማ ይበቃታል። ዓይን ለመብሳት 40 ሜትር ገደማ በቂ ነው። በገበያ ላይ ያለው ደካማ የሞላ (በተጠመጠመ ብረት ኃይል አየር የሚያምቅ) ጠመንጃ እንኳ ከዚህ ሁሉ በላይ ነው። የኦስትሪያ ጦር እ.ኤ.አ. ከ1780 ጀምሮ ከወታደሮቹ የተወሰኑትን በአየር በሚሠራ ጠመንጃ አስታጥቆ እንደነበረም ማስታወስ ይበቃል።

ጉዳቱ ሲደርስ የሚያታልለው ቁስሉ ትንሽ መሆኑ ነው። የመግቢያው ቀዳዳ የሽምብራ ፍሬ እንኳ አያክልም፣ ብዙም አይደማም፤ ቤተሰብ «ቆዳውን ጫረው» ብሎ ይተወዋል። ጥይቷ ግን በልጅ ስስ ጆሮ ግንድ ወደ አንጎል፣ ወይም በጎድን አጥንቶች መካከል ወደ ሳንባና ልብ ልትገባ ትችላለች። ስለዚህ በአየር ጠመንጃ የተመታ ሰው የመውጫ ቀዳዳ ካልታየበት ራጅ ሳይነሳ ወደ ቤቱ አይመለስ። የቴታነስ ክትባቱም ይታይ። ጥይቷ ከብረት ድብልብል ከሆነ ለሐኪሙ ይነገር፤ ብረት በሰውነቱ ያለበት ሰው ኤምአርአይ (በማግኔት የሚሠራ የምርመራ መሣሪያ) ውስጥ ከገባ መሣሪያው ብረቱን ሊስበውና ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። ዓይን ሲመታ ደግሞ አይታጠብ፣ አይታሽ፣ አይጫኑት፣ የገባውን ለማውጣት አይሞከር። የወረቀት ኩባያ ታችኛው ክፍል ተቆርጦ፣ ጠርዙ በዓይኑ ዙሪያ ባለው አጥንት ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ይታሰር። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ስለሚችል ምግብና መጠጥ አይሰጠው፤ ቀና ብሎ እንደተቀመጠ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ሁለተኛው አደጋ ከጥይቷ ጋር አይገናኝም። ዛሬ የሚመጣው የአየር ጠመንጃ ብዙው ቅርጹ፣ ክብደቱና ቀለሙ የእውነተኛ መሣሪያ ነው። በዞናችን አሁን ባለው ሁኔታ ጠመንጃ የያዘ ሰው ከሩቅ ሲታይ ማን እንደሆነ ቀርቦ የሚጠይቅ የለም። ከጣርማበር ዳገት ላይ በጭጋግ የሚታይ፣ ጠመንጃ ያነገተ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ለሚያየው ሰው ልጅ አይደለም። ለዚህ ስንል ፈቃድ ያለው ሰውም ቢሆን በአደባባይ አንግቶ መሄድ የለበትም እንላለን። ከቤት ወደ ተኩስ ሜዳ ሲወሰድ ጥይት ሳይኖረው፣ በተዘጋ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ይሁን፤ የፈቃዱ ወረቀት ከሰውየው ጋር ይሁን። ይህ ሁኔታ ከፈቃዱ ወረቀት ላይ በጉልህ ይጻፍ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ልኬቱ። ክሮኖግራፍ የሚባል የፍጥነት መለኪያ አለ፤ ዞኑ አንድ ሁለት ቢገዛ ደስ ይለናል። ሳይገዛም ሥራው አይቆምም። ጥይት የሚመታው ዥዋዥዌ፣ ማለትም የተንጠለጠለ ዕቃ በጥይት ሲመታ በሄደው ርቀት የጥይቱን ፍጥነት ማወቅ፣ ከሁለት መቶ ሰባ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ዘዴ ነው፤ ዕቃውም ደብረ ብርሃን ወይም አረርቲ ገበያ ውስጥ ይገኛል። ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይወሰድና በሰም ይሞላ። ከቆርቆሮው ጋር ሚዛኑ ልክ 500 ግራም ይሁን። ከጣሪያ ማገር በአራት ሲባጎ ይንጠልጠል፤ በአንድ ወይም በሁለት ክር ከተንጠለጠለ ሲመታ ይሽከረከራል፣ ልኬቱም ይበላሻል። ከላይ ከተሰቀለበት እስከ ቆርቆሮው መካከል ያለው ቁመት 1 ሜትር ይሁን። ከቆርቆሮው ኋላ በማስመሪያ ላይ በቀላሉ የሚንሸራተት ስንጥር ይቀመጥ፤ ቆርቆሮው ሲመታ ስንጥሩን ገፍቶ የደረሰበት ላይ ይተወዋል። የተኳሹ አፈሙዝ ሁለት ሜትር ያህል ይራቅ፤ በመካከል ጥይት ብቻ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ይቁም። ካርቶኑ ከሌለ ከአፈሙዙ የሚወጣው ንፋስ ቆርቆሮውን ስለሚገፋው ጠመንጃው ከሆነው በላይ ኃይለኛ መስሎ ይታያል። በቦታው ያለ ሰው ሁሉ የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርግ። ከቆርቆሮው ኋላ አፈር የተሞላ ማዳበሪያ ይደርደር።

ሥራው ሲጀመር አሥር ጥይት አንድ ላይ በወርቅ ሠሪ ሚዛን ይመዘንና ለአሥር ይካፈል። ጥይቷ 0.5 ግራም ከሆነች፣ በዚህ ቁመትና ክብደት የዥዋዥዌው እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር በሰከንድ 31 ሜትር ገደማ ማለት ነው። 5.5 ሴንቲ ሜትር ከሄደ 7.5 ጁል ነው፤ 8 ሴንቲ ሜትር ከሄደ 16 ጁል ነው (7.5 እና 16 ጁል ከታች የምንመክራቸው የፈቃድ መስመሮች ናቸው)። ለ0.9 ግራሟ ጥይት እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 17 ሜትር ገደማ ነው፤ ምልክቶቹም 7.4 እና 10.8 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሆናሉ። መዝጋቢው እነዚህን አራት ምልክቶች ማስመሪያው ላይ አስቀድሞ በቀለም ካሠመረ በኋላ ሒሳብ ማወቅ እንኳ አያስፈልገውም።

የሚበላሸው የት የት ነው? ሰሙ በብርድ ደርቆ ጥይቷን ካነጠረ ዥዋዥዌው እስከ እጥፍ ድረስ ሊሳሳት ይችላል፤ ጥይቷ ሰሙ ውስጥ መቅረቷ በእያንዳንዱ ተኩስ ይታይ። የደብረ ብርሃን ጠዋት ሰም ስለሚያደርቅ ቆርቆሮው ከሥራ በፊት ፀሐይ ላይ ይሰንብት። በሰም ፈንታ እርጥብ ሸክላ ጭቃ መጠቀም ይቻላል፤ ጭቃ ግን በደረቀ ቁጥር ክብደቱ ስለሚቀንስ በየተኩሱ መካከል መመዘን አለበት። አሥር ጥይት የገባበት ቆርቆሮ 5 ግራም ይጨምራል፤ ይህ ከመቶ አንድ ስለሆነ ግድ የለም፤ አርባ ከገባበት ግን ይጽዳ። አንድ ተኩስ ልኬት አይባልም። አሥር ተተኩሶ አማካዩ ይያዝ፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት ደግሞ ከሒሳብ ይውጡ። ምክንያቱም በፒስተኑ ቤት ውስጥ ትርፍ ዘይት ካለ አየሩ ሲታመቅ ይቀጣጠልና የመጀመሪያዎቹን ጥይቶች ከልክ በላይ ያፈጥናቸዋል። ከአምስት በኋላም ጢስና የሚጮህ ድምፅ ካልተወ ጠመንጃው ጸድቶ ሌላ ቀን ይምጣ።

የዞናችን መልክዓ ምድር ራሱ በልኬቱ ውስጥ ይገባል፤ ይህን ሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ አይነግረንም። የሞላ ጠመንጃ የሚያምቀው በቤቱ ውስጥ ያገኘውን አየር ነው። 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ ጠመንጃው ደብረ ብርሃን ላይ ሲለካ ሸዋ ሮቢት ላይ ከሚለካው ያነሰ ሊያሳይ ይችላል። ደጋ ላይ ከመስመሩ በታች ሆኖ ፈቃድ የወሰደ ጠመንጃ ቆላ ሲወርድ መስመሩን ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። በከፍተኛ ግፊት አስቀድሞ አየር የሚሞላው ዓይነት ግን አፈሙዙ ላይ በዚህ አይለወጥም፤ እንዲያውም ቀጭን አየር ጥይቱን ስለማይይዘው ደጋ ላይ ራቅ ብሎ ይሄዳል። በ12 ግራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ እንክብል የሚሠራው ሌላ ጠባይ አለው፦ ግፊቱ ከሙቀት ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። በ20 ዲግሪ 57 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ የሆነው ጋዝ በ30 ዲግሪ 70 ባር ያልፋል፤ ውርጭ ላይ ደግሞ ወደ 35 ባር ይወርዳል። ስለዚህ የጋዙ በቀትር ይለካ እንጂ በማለዳ አይለካ። የልኬቱ ቦታና ሰዓት ከውጤቱ ጋር ይመዝገብ። ከመስመሩ ከመቶ አሥር ያህል ብቻ የሚያንስ የሞላ ወይም የጋዝ ጠመንጃ ከመስመሩ በላይ እንዳለ ይቆጠር።

ኃይል ማስተካከያ ብሎን ያለው ጠመንጃ ባለቤቱ አስተካክሎ ባመጣው ሳይሆን በመጨረሻው ከፍተኛ መጠን ይለካ። የብሎኖቹ ራስ የተላላጠ፣ የቱቦው ጫፍ በቶርኖ የተነካ፣ ወይም ሞላው ከቤቱ ጋር የማይመጣጠን ሆኖ የሚንኳኳ ከሆነ የሠራው ማን እንደሆነ ይጠየቅ። የጥገና ቤቶች የነኩትን ጠመንጃ ቁጥር በደብተር መያዝ አለባቸው። ይህ እኛንም የሚጨምር ግዴታ ነው፤ እንቀበለዋለን።

መስመሮቹ የት ይሰመሩ ለሚለው ሌሎች አገሮች የሠሩትን ማየት ይጠቅማል። ጀርመን እስከ 7.5 ጁል ያለውንና አምስት ማዕዘን ውስጥ «ኤፍ» የሚል ምልክት የተቀረጸበትን ለአዋቂ ያለ ፈቃድ ትሸጣለች፤ ምልክቱ ዕቃው ላይ ስለተቀረጸ ፖሊስ አይከራከርም። እንግሊዝ ለጠመንጃ 16 ጁል፣ ለሽጉጥ 8 ጁል ገደማ ላይ አሥምራለች፤ ከዚያ በላይ ያለው እንደ ጦር መሣሪያ ይታያል። ሰሜን አየርላንድ ከ1 ጁል በላይ ለሆነው ሁሉ ፈቃድ ትጠይቃለች። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2005 በግላስጎው የሁለት ዓመት ሕፃን በአየር ጠመንጃ ከሞተ በኋላ በተነሣው ክርክር እ.ኤ.አ. በ2015 ሕግ አወጣች፤ ፈቃዱም ከ2016 የመጨረሻ ቀን ጀምሮ ግዴታ ሆነ። ከዚያ በፊት ግን ለጥቂት ሳምንታት ያለ ቅጣት የማስረከቢያ ጊዜ ሰጥታ ከአሥር ሺህ በላይ ጠመንጃ ሰብስባለች። ከዚህ የምንማረው ቅደም ተከተሉን ነው፤ በሩ መጀመሪያ ተከፈተ፣ ቅጣቱ ኋላ መጣ።

ለእኛ የምንመክረው እንደሚከተለው ነው። እስከ 1 ጁል ያለው፣ 0.2 ግራም የፕላስቲክ ድብልብል የሚተኩሰው መጫወቻ፣ ፈቃድ አይጠየቅበት፤ ቀለሙ ግን ከሩቅ መጫወቻ መሆኑን የሚያሳይ ይሁን። ከ1 እስከ 7.5 ጁል ያለው ይመዝገብ፤ ባለቤቱ 18 ዓመት የሞላው ይሁን። የ10 ሜትር የኦሊምፒክ ውድድር ጠመንጃዎችም እዚህ ውስጥ ስለሚገቡ ስፖርቱ አይጎዳም፤ ልጆች በአሠልጣኝ እጅ ሥር፣ በሜዳው ላይ ብቻ መማር ይችላሉ። ከ7.5 እስከ 16 ጁል ያለው ግን ምዝገባ ብቻ አይበቃውም። ምክንያቱ ተጠይቆ፣ የሚቀመጥበት ታይቶ፣ የሚተኮስበት ቦታ ተለይቶ ፈቃድ ይሰጥበት። ከ16 ጁል በላይ ያለው እንደ ማንኛውም የጦር መሣሪያ ይታይ።

ከምክንያቶች መካከል አንዱን አጥብቀን እንቃወማለን፦ «ለወፍ»። የቀወትና የኤፍራታ ማሽላ አብቃይ ገበሬ ችግሩ ግሪሳ ነው። ግሪሳ በሺህና በአሥር ሺህ ሆኖ የሚያርፍ መንጋ ነው፤ በየተኩሱ መካከል እንደገና የሚሞላ ጠመንጃ ለመንጋ ምን ያደርጋል? ማማ ላይ ቆሞ ጅራፍ የሚያጮህና በወንጭፍ የሚወረውር ልጅ ይበልጠዋል፤ መንጋው ማደሪያው ሲታወቅ ቶሎ ለግብርና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ከሁሉም ይበልጣል። ዝንጀሮንም ቢሆን እነዚህ ጥይቶች አይገድሉትም፤ ቆዳው ሥር ገብተው ያመረቅዙትና ያሰቃዩታል። የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ባለበት አገር ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው።

የዞናችን ሀብት ደግሞ ለዚህ ጥይት የተጋለጠ ነው። ከአንኮበር እስከ ደብረ ሲና ባለው የገደል አፋፍ የምትኖር፣ በአንኮበር ስም የምትጠራ ትንሽ ወፍ አለች። ሳይንስ ስም የሰጣት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ በዓለም ላይ የምትገኘው በአገራችን ብቻ ነው። በጀማ ሸለቆ ሌላ ቦታ እምብዛም የማትታይ ቆቅ አለች። የመንዝ ሰው ጓሳን በቄሮ ሥርዓት (ሣሩ የሚታጨድበትንና የሚጋጥበትን ጊዜ ማኅበረሰቡ በሚወስንበት የጋራ ጥበቃ) ለመቶዎች ዓመታት ሣሩን ጠብቆ፣ ቀይ ቀበሮውንና ጭላዳውን አብሮ አቆይቷል። ድምፅ የማይሰማ ጠመንጃ እዚያ ከገባ ጠባቂው የሚሰማው ነገር የለም። እርሳሱም ይቀራል፤ የቆሰለችውን ወይም የሞተችውን ወፍ የሚበላ ጥንብ አንሣ እርሳሱን አብሮ ይውጣል፣ ይመረዛል። ስለዚህ በጓሳና በገደሉ አፋፍ ቀበሌዎች የአየር ጠመንጃ ይዞ መግባት ራሱ ክልክል ይሁን።

በበዓል ሰሞን በየከተማው የሚቆመው የፊኛ ተኩስ ጨዋታ ለብቻው ሊታይ ይገባል። እዚያ ልጆች ይሰበሰባሉ፤ ተኳሹም በሕይወቱ ጠመንጃ ይዞ የማያውቅ ሰው ነው። ፈቃዱ ለጨዋታው ባለቤት ሳይሆን ለቦታው ይሰጥ፤ በዓሉ ከመግባቱ በፊት አንድ ፖሊስ በአካል ይመልከት። የሚያየው ይህን ነው፦ የብረት ድብልብል ጥይት ጨርሶ አይፈቀድ፤ ጠንካራ እንጨትና ላሜራ ላይ ሲያርፍ ከመጣበት ብዙም በማያንስ ፍጥነት ተመልሶ የተኳሹን ዓይን ይመታል። የእርሳስ ጥይት ብቻ ይሁን። ፊኛው የተሰካበት ሰሌዳ ለስላሳ ይሁን፤ ከኋላው ወደ ታች ያዘነበለ ላሜራ፣ ከላሜራው ሥር አሸዋ የተሞላ ሣጥን ይኑር። ግራና ቀኙ ከሰው ቁመት ከፍ ባለ አፈር የሞላ ማዳበሪያ ይታጠር፤ የአጥር ቆርቆሮ እንደ መከላከያ አይቆጠር፤ የአፈሙዙ ጫፍ ወደ ሕዝቡ መዞር እንዳይችል ጠመንጃው በአጭር ሰንሰለት ከጠረጴዛው ጋር ይታሰር። ጠመንጃውን የሚሞላው ባለቤቱ ብቻ ይሁን። ታጥፎ የሚሞላው ዓይነት ቃታው ካመለጠ ቱቦው ተመልሶ ጣት ይቀጠቅጣል፤ ስለዚህ ጥይት ሲገባ የግራ እጅ ቱቦውን አይልቀቅ። ጥይት በአፍ መያዝ ክልክል ይሁን፤ እርሳስ መርዝ ነው። ማታ የሚጠረገው አፈር በውኃ ረጠብ ተደርጎ ይጠረግ፤ የተሰበሰበው እርሳስ ለብቻው ይቀመጥ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ከባዱ አደጋ ግን የአየር አሞላሉ ላይ ነው። አስቀድሞ የሚሞላው ጠመንጃ ከ200 እስከ 300 ባር ይፈልጋል። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር 8 ወይም 10 ባር ስለሚሰጥ አይሠራለትም። ለዚሁ የተሠራ የእጅ ፓምፕ ያስፈልገዋል። ፓምፕ የሌለው ሰው ወደ ብየዳ ቤት ይሄዳል፤ እዚያ ያለው ሲሊንደር ደግሞ ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን በግፊት ከዘይትና ከጎማ ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ፍንዳታው ደግሞ የሚሆነው ከተኳሹ ጉንጭ አጠገብ ነው። ስለዚህ ብየዳ ቤቶችና የሆስፒታል ጋዝ ክፍሎች ለጠመንጃ እንዳይሞሉ በጽሑፍ ይታዘዙ፤ ይህ ነገ ጠዋት ሊሠራ የሚችል ነው፣ ምንም አዋጅ አይጠብቅም። የዛገ፣ የተቀጠቀጠ ወይም የሠራው ፋብሪካ የግፊት ልክ ያልተቀረጸበት ቋት ያለው ጠመንጃ ፈቃድ አይሰጠው።

የምዝገባው ቅጽ አንድ ገጽ ይብቃው፦ የባለቤቱ ስምና መታወቂያ፣ የጠመንጃው ዓይነት፣ የቱቦው ስፋት፣ ቁጥሩ፣ የተለካበት ጥይት ክብደት፣ የዥዋዥዌው አማካይ፣ የተሰላው ጁል፣ የልኬቱ ቦታና ቀን፣ የሚቀመጥበት ቤት። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ ቁጥር የላቸውም፤ ያላቸውም ሰደፉ ላይ በወረቀት የተለጠፈ ነው፤ ሰደፍ ደግሞ ይቀየራል። ቁጥሩ በፒስተኑ ቤት ብረት ላይ ይቀረጽ። በአየር ግፊት የሚሠራው ቋት ላይ ግን አይቀረጽ፤ ብረቱን ያዳክመዋል። ቤት ውስጥ ጠመንጃው በተቆለፈ ሣጥን፣ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ ይቀመጥ። ተሞልቶ የተቀመጠ የሞላ ጠመንጃ ሞላው ይዝላል፣ ልኬቱም ይዛባል፤ ባለቤቱን ለንብረቱ ሲል እንኳ ያሳምነዋል። ልኬቱ በየሁለት ዓመቱ ይደገም። ክፍያው ከልኬቱ ወጪ አይብለጥ፤ ውድ ከሆነ ሰው ይደብቃል፤ የተደበቀ ጠመንጃ ደግሞ ልጅ የሚያገኘው ነው።

«ክላሽ በየቤቱ ባለበት አገር ስለ ፍሎቨር ማውራት ምን ይባላል?» የሚሉን አሉ። ጥያቄያቸውን አንንቅም። ክላሽ ያለው አባት ግን ለልጁ አያስይዘውም፤ ድምፁን ሰፈር ይሰማል፣ ጥይቱ ይቆጠራል፣ ዋጋው ይታወቃል። የአየር ጠመንጃ ድምፁ ደካማ ነው፤ ጥይቱ አምስት መቶ ፍሬ በአንድ ቆርቆሮ ሆኖ ይሸጣል፣ «መጫወቻ ነው» ተብሎ ለልጅ ይሰጣል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ቁጥጥር የክላሹ ቁጥጥር አይደለም። ከክላሹ የቀለለ፣ ግን ልጁ እጅ ላይ ሳይደርስ የሚያቆም ሌላ ሥርዓት ነው። «ሁሉንም እንከልክል» ለሚሉትም፣ ክልከላ የሚቀለው የተደበቀውን ነገር ለማያይ ሰው ነው፤ የውድድር ስፖርቱም አብሮ ይሞታል።

በመጀመሪያ የሦስት ወር የማስመዝገቢያ ጊዜ ይታወጅ። በዚህ ጊዜ ያመጣ ሰው ከየት አመጣኸው ተብሎ አይጠየቅ፤ ማስረከብ የሚፈልግም ያስረክብ። የሚሰበሰበው በየወረዳው ከተማ በገበያ ቀን ቢሆን የገጠሩ ሰው ሌላ ቀን አይባክንበትም። የመጣው ሁሉ ወደ ግቢ ከመግባቱ በፊት በር ላይ ባዶ መሆኑ ይታይ፤ አፈሙዙ ወደ አሸዋ ባልዲ ዞሮ ቃታው ይሳብ።

የዥዋዥዌውን ዕቃ ሠርተን፣ አራቱን ምልክቶች አሥምረን፣ የመዝገብ ቅጹን ናሙና አዘጋጅተን ይዘናል። መምሪያው በሚወስነው ቀን ደብረ ብርሃን ላይ፣ ቀጥሎም በቆላው ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ለየወረዳው ሁለት ሁለት ባለሙያ ያለ ክፍያ ለማሠልጠን ዝግጁ ነን። መልሱ ይሁንታም ሆነ እንቢታ በጽሑፍ ሆኖ በመምሪያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍልን በትሕትና እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የደብዳቤው አዘጋጆች፣ ደብረ ብርሃን

ግልባጭ፦
ለዞኑ ጤና መምሪያ
ለዞኑ ግብርና መምሪያ
ለዞኑ ወጣቶችና ስፖርት መምሪያ
ለዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ